ብርማ ቅጠል ያላቸውን አትክልቶች ስለ መጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከአትክልት ክበብ የተሰጠ ንግግር)



በትምህርት ቤታችን ደጅ ስለ ተተከሉት ስለ አሪቲና ስለ ጭቁኝ ጥቂት ቃል ልንነግራችሁ ተነሥተናል። ሁለቱንም በመዓዛቸው ከእናቶቻችን ቤት እናውቃቸዋለን፤ ቅጠላቸውም በፀሐይ ጊዜ እንደ ብር ያበራል።

በመጀመሪያው ዓመት የተከልናቸው ሁሉ ሞቱብን። የገደላቸውም የገዛ ትጋታችን ነበር፤ ጧትና ማታ ውሃ እናጠጣቸው፤ ፍግም እናበዛላቸው ነበርና ሥራቸው በሰበሰ።

ምክንያቱን ቆይተን ተረዳን። ቅጠሉን ብር ያስመሰለው በላዩ የለበሰው ጥቃቅን ነጭ ጠጉር ነው። ይህ ጠጉር የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፤ የቅጠሉንም እርጥበት ከነፋስ ይጠብቃል። ስለዚህ ተክሉ ፀሐይንና ደረቅ መሬትን ይወዳል፤ በጥላ ሥር ግን ይመነምናል፤ ብርነቱም ይደበዝዛል።

አሁን በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርገን አሸዋና ጠጠር ቀላቅለንበታል። በበጋም አፈሩ ሳይደርቅ አናጠጣም፤ ስናጠጣም ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አናፈስም። አበባው ሲያልፍ ለስላሳውን ጫፍ እንቈርጣለን፤ አሮጌውን እንጨት ግን አንነካም። ከተቈረጠውም ጫፍ መርጠን እየተከልን አዲስ ችግኝ እናወጣለን።

ወዳጆቻችን ሆይ፤ ይህን መደብ በቅርቡ ለታናናሾቻችን እናስረክባለን። ባልዲ ከማንሣታቸው አስቀድሞ አፈሩን በጣታቸው እንዲዳስሱ አደራ እንላቸዋለን፤ እኛ ይህን የተማርነው ብዙ ተክል ከሞተብን በኋላ ነውና።