ተከራዬ ኪራይ አልከፍል አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ይህ ትምህርት መጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ብዙዎቻችሁ "በወረቀት ይውጣልን፣ ለጎረቤት የምንሰጠው እንፈልጋለን" ስላላችሁ አዘጋጅተነዋል። አነጋገሩን ብዙም አልነካነውም፤ ስታነቡት ሬዲዮናችሁ አጠገብ እንደተቀመጣችሁ ቁጠሩት።

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት እናት ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የሚኖሩት በግቢያቸው ካሉት ሦስት ሰርቪስ ቤቶች በሚያገኙት ኪራይ ነው። ከተከራዮቹ አንዱ አራት ወር አልከፈለም። "ፓስተር፣ ልጁ እኮ አማኝ ነው" አሉኝ። "እሁድ እጁን አንስቶ ሲዘምር አየዋለሁ፤ ሰኞ ሲወጣ ሲገባ አየዋለሁ። እንዳልጠይቀው ይሉኝታ ያዘኝ፤ እንዳልተወው ዘይት መግዣ አጣሁ። ብጠይቀው ኃጢአት ይሆንብኛል?"

ቅዱሳን፣ ይህ የአንዲት እናት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በየአጥቢያችን አከራይም ተከራይም አለ፤ አንዳንዴም በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

እናቴ፣ መልሱን ቶሎ ልስጥዎት፦ ኪራይ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ተከራይ ነበር። ሐዋርያት ሥራ 28፥30ን አንብቡ፤ በሮም ሁለት ዓመት ሙሉ የኖረውና ወንጌል የሰበከው በተከራየው ቤት ነው። ደግሞ ሮሜ 13ን የጻፈው እሱው ነው፤ ለሁሉም የሚገባውን አስረክቡ፣ ከፍቅር በቀር ዕዳ አይኑርባችሁ ብሎ ያስተማረ ሰው ነው። ስለዚህ "ጌታ ይስጥልኝ" ብቻ ኪራይ አይሆንም። ምርቃት ጥሩ ነው፤ ግን ባንክ አይገባም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ችግሩ ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታ የባህላችን ጌጥ ነው ይባላል፤ እኔም በቦታው ሲሆን አልጠላውም። ነገር ግን ይሉኝታና ትዕግሥት አንድ አይደሉም። ታጋሽ ሰው ተናግሯል፣ ቀን ሰጥቷል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ይሉኝታ የያዘው ሰው ግን አፉ አልተናገረም፤ ልቡ ግን በየቀኑ ይናገራል። በመጀመሪያው ወር "ይከፍላል" ይላል። በሁለተኛው ወር ሰላምታው ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው ወር ለጎረቤት ያወራል። በአራተኛው ወር ተከራዩ ልብስ ሳሙና ውስጥ ነክሮ ሳለ ውሃው ከቆጣሪው ይዘጋል። እስቲ ልብ በሉ፤ እስካሁን ለሰውየው አንድ ቃል አልተነገረውም! ጎረቤት ሰምቷል፣ ደላላ ሰምቷል፣ በጸሎት ቡድን ተነስቷል። ያልሰማው ባለዕዳው ብቻ ነው።

እኛ ጴንጤዎች ደግሞ አንድ የምንጨምርበት አለን። አርብ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ላይ "ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ከግቢዬ ንቀልልኝ" ብለን እንጮኻለን። እህቴ፣ ሦስት ቀን ከመጾምሽ በፊት በሩን አንኳኩተሽ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ጸሎትን አላቃልልም፤ ዕድሜዬን የኖርኩት በእሱ ነው። ግን በአፋችን ልንጨርሰው የሚገባንን ነገር ጌታ ላይ አንጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። በማቴዎስ 18፥15 ጌታ መንገዱን አሳይቶናል፦ የበደለህን ወንድም መጀመሪያ ለብቻው፣ አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ ንገረው። ሚስቱና ልጆቹ ፊት ሳይሆን፣ በደላላ በኩልም ሳይሆን። ወሩንም ገንዘቡንም በስሙ ጥሩት። "ልጄ፣ የጥቅምት፣ የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ኪራይ አልደረሰኝም። ምን ገጥሞህ ነው?" በቃ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።

ለምን ስሙት አልኩ? የማይችል ሰውና የማይፈልግ ሰው ስላሉ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አልከፈሉም። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ያለችው መበለት የማትችል ነበረች። አበዳሪው ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቶ ነበር። እሷ ግን አልተደበቀችም፤ ወደ ኤልሳዕ ሄዳ ጉዳዩን ዘረገፈችው። ዘይቱ ከበዛ በኋላ ኤልሳዕ ምን እንዳላት ታስታውሳላችሁ? ሽጪና መጀመሪያ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በቀረው ደግሞ አንቺና ልጆችሽ ኑሩ አላት። ተአምሩ ዕዳውን አልሰረዘውም፤ የሚከፈልበትን ሰጣት እንጂ!

የማይፈልገው ሰው ደግሞ አለ። እሱ ሁልጊዜ "ነገ" ነው። ምሳሌ 3፥28 በእጁ እያለው ባልንጀራውን "ሄደህ ተመለስ፣ ነገ እሰጥሃለሁ" የሚልን ሰው ይከለክላል። ሁለቱን ለመለየት ግን ስልኩንና ጫማውን አትዩ። "አዲስ ስልክ ይዞ አየሁት" የሚል ክስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ስልኩ የሥራ መሣሪያው ሊሆን ይችላል። ይልቅ ይህን እዩ፦ ስትጠይቁት ጉዳዩን ይዘረግፋል ወይስ ይሸሻል? ያለችውን ጥቂት ያመጣል ወይስ ቀን ብቻ ይጨምራል?

የማይችል ሆኖ ካገኛችሁትና ምሕረት ልታደርጉለት ከወሰናችሁ፣ ምሕረቱን በአፋችሁ ንገሩት። "የሁለቱን ወር ትቼልሃለሁ፤ የቀረውን ሁለት ወር ከመጋቢት ጀምረህ በትንሽ በትንሹ ትጨርሳለህ።" በማቴዎስ 18 ያለው ንጉሥ የዐሥር ሺህ መክሊቱን ዕዳ ሲተው በግልጽ ነው የተወው፤ ባሪያውም እንደተተወለት እያወቀ ነው የወጣው። ሳይነገር በልብ የተተወ ዕዳ ብዙ ጊዜ አልተተወም፤ በሚቀጥለው ጠብ ላይ ከነወለዱ ይመጣል።

ግን እናቴ፣ አንድ ነገር ልበልዎት። እርስዎ ራስዎ ዘይት መግዣ አጥተው ከሆነ፣ የዚህን ልጅ ሸክም ብቻዎን የመሸከም ግዴታ የለብዎትም። ያ የቤተ ክርስቲያን ሸክም ነው። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የተራበውን "በደህና ሂድ፣ ጥገብ" ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኘውን ይወቅሳል። እኛም አንዲትን መበለት "ታገሺው" ብለን ከሸኘናት ያንኑ ነው ያደረግነው። አጥቢያችሁ የድጋፍ ክፍል ካለው የልጁን አንድ ወር ኪራይ ይክፈል። ሽማግሌዎች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው።

አሁን ደግሞ እልኸኛው ተከራይ ዘንድ እንሂድ። ይችላል፤ አይከፍልም። ምን ይደረግ? መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ኦሪት ዘዳግም 24፥10 ላይ ግለጡ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንሰብክበትም፤ ነገር ግን ለአከራይ የተጻፈ ይመስለኛል። አበዳሪው መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ ሕጉ ይከለክለዋል። በደጅ ይቆማል፤ ባለዕዳው ራሱ መያዣውን ይዞ ይወጣል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ድሃ ከሆነ የያዝክበትን ልብስ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል፤ ለብሶት ይተኛበታልና።

አያችሁት? ገንዘቡ የአበዳሪው ነው፤ እግዚአብሔር አልካደውም። ግን የሰው ደጃፍ ድንበር ተደረገለት። ባለዕዳ ሆኖም ሰው ነው። እንግዲህ ቁልፍ መቀየር፣ በሩን መንቀል፣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ጎትቶ መያዝ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ውሃና መብራት መቁረጥ ከዚህ ቃል ጋር አይሄድም። የሀገራችንም ሕግ ቢሆን ቤቱ ያንተ ስለሆነ ብቻ ሰውን በጉልበት እንድታስወጣ አይፈቅድልህም፤ የሚያስለቅቀው ፍርድ ቤት ነው። ቁልፍ የቀየረው አከራይ ከሳሽ መሆን ሲገባው ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል።

"ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ" የምትሉም ተዉ። ስንት ያልተወለደ ልጅ ዳርን! ምክንያቱ ኪራይ አለመክፈሉ ከሆነ "ስላልከፈልክ ነው" በሉት። እውነቱ ይከብዳል፤ ግን ውሸቱን በኋላ ለመሸፈን ሌላ ውሸት ያስፈልጋል።

ለብቻው ተነግሮት ካልሰማ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሁለታችሁም አማኞች ከሆናችሁ የአጥቢያው ሽማግሌዎች ይቀመጡበት። 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ጳውሎስ ወንድማማቾች በማያምኑ ፊት ሲካሰሱ አይቶ፣ በመካከላችሁ የሚፈርድ አንድ ጠቢብ ጠፋ ወይ ብሎ ያፍርባቸዋል። ይህን ክፍል ጥቅስ አድርገው ይዘው የማይከፍሉ ሰዎች አሉ። "አማኝ አማኝን አይከስም" ይላሉ፤ ቀኑ ይሄዳል። ወገኖቼ፣ ቃሉ የተሰጠው ለዕዳ መደበቂያ አይደለም፤ ሽማግሌዎች እንዲፈርዱ ነው። ልጁ ጥሩ ዘማሪ ስለሆነ "እማማ፣ ለጌታ ብለው ይተዉለት" የሚል ሽማግሌ አልፈረደም፤ አድልቷል። ፍርድ ማለት የዕዳውን ልክ መጻፍ፣ የሚከፈልበትን ቀን መወሰን፣ ቀኑ ሲደርስም መከታተል ነው።

ያንንም ካልሰማስ? ማቴዎስ 18፥17 ለማኅበሩ ከተነገረው በኋላም ያልሰማ እንደ ውጭ ሰው ይቆጠር ይላል። ያን ጊዜ አከራይዋ ወደ ፍርድ ቤት ብትሄድ እኔ አልወቅሳትም። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 25 በሕግ ያለውን መብት ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው አገልጋዮች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። የእኔ መረዳት ግን ይህ ነው። ተከራዩ የማያምን ከሆነም ያው ነው፤ በሰፈር ሽማግሌ ጀምሩ፣ ካልሆነ በሕግ።

ወደ ፍርድ ቤት ሲኬድ ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ "ውሉ የታለ?" ነው። ብዙዎቻችን የለንም። "በጌታ ወንድሜ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል" ብለን ነበር። ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን አንብቡ። ነቢዩ መሬት የገዛው ከአጎቱ ልጅ ነው፤ ከሥጋ ዘመዱ! ሆኖም 17 ሰቅል ብር መዘነ፣ ውሉን ፈረመ፣ አተመ፣ ምስክር አቆመ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይም በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ነቢይ ውል ከጻፈ እኛ ምን ሆነን ነው?

ዛሬማ ሕጉም ይጠይቃል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ያዛል። በባንክ የገባ ገንዘብ ለሁለታችሁም ይመሰክራል፤ "ሰጥቻለሁ፣ አልሰጠኸኝም" የሚል ክርክር የለም። አንዳንድ አከራይ ወገኖች ግን የኪራይ ግብር እንዳይመጣ ውሉን አያስመዘግቡም፣ ወይም ገንዘቡን አሳንሰው ይጽፋሉ። እንግዲህ ተከራዩ እንቢ ሲል ለዳኛው ምን ልታሳዩ ነው? ግብር ለሚገባው ግብርን ስጡ የሚለው ያው ሮሜ 13 ነው፤ ተከራዩ ላይ የምንጠቅሰውን ምዕራፍ ለራሳችን አንዝለለው።

የመጨረሻው ቃሌ ለአንተ ነው፣ ለተከራዩ ወንድሜ። ይህን ወረቀት ማን እንደሰጠህ አላውቅም፤ ምናልባት አከራይህ ይሆናሉ። አትቆጣ። መዝሙር 37፥21 ተበድሮ የማይመልሰውን ማን ብሎ እንደሚጠራው ራስህ ግለጠውና አንብብ፤ እኔ አልነግርህም። ኑሮ እንደከበደ አውቃለሁ፤ ደመወዝ ወሩን አያደርስም፣ ኪራዩም ጨምሯል። ግን ጫማህን አውልቀህ በእጅህ ይዘህ፣ ድምፅህን አጥፍተህ በእናትዮዋ ደጅ ማለፍ እስከ መቼ ነው?

ዛሬ ማታ ስትገባ በራቸውን አንኳኳ። ባዶ እጅህንም ብትሆን ሂድ። "እማማ፣ የአራት ወር ዕዳ እንዳለብኝ አልረሳሁም። ዛሬ ያለኝ ይህ ነው። የቀረውን በየወሩ ከኪራዩ ጋር ይህን ያህል እየጨመርኩ እከፍላለሁ" በላቸው። የማትችለውን ቀን አትስጥ። ወረቀት ላይ ጻፈውና ፈርም፤ አንዱን ቅጂ ለእሳቸው ተውላቸው። ደግሞ በጊዜ ግባ፤ እሳቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይተኛሉ።