የሣር ጉንጉንን ከዝናብና ከፀሐይ ስለ መጠበቅ

(በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ የስፌት ባለሙያ እናቶችና እኅቶች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ የእጃችሁን ድካም ዋጋ የሚመለከት ስለ ሆነ ልንንቀው አይገባም። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ እንግጫ ነቅለው ይጎነጉናሉ፤ በምሥራቅ በላስታ ደግሞ የአሸንድዬን ሣር በወገባቸው ያስራሉ። እነዚህ ለምለም ናቸው፤ በዓሉ ሲያልፍ ያልፋሉ። እናንተ በስንደዶና በአክርማ የምትሠሩት ጉንጉን ግን በደጃፍ ተሰቅሎ እንዲከርም፣ በመንገድ ዳርም ለገዢ እንዲታይ የታሰበ ነው።

ባለፈው ክረምት «ቫርኒሽ ቀቡት፣ ዝናብ አያበላሸውም» ብለን የመከርናችሁ እኛ ነበርን። ምክራችን ጎደሎ ነበረ። ሣሩ በሚገባ ሳይደርቅ በመቀባቱ እርጥበቱ በውስጡ ታፍኖ ጉንጉኑን አሻገተው፤ የብዙ ቀን ሥራችሁም ተጣለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ሆነብን። ስለዚህ ይቅርታ እየጠየቅን ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው።

መምህራችን ሩቅ አይደለም። በጋይንት ያለችው የድጓ ትምህርት ቤት መገኛ ቤተልሔም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያኗ ባለ አራት ማዕዘን ናት። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ጸሐፊ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲጎበኛት በሣር በተከደነ ትልቅ ክብ ቤት ውስጥ ተሰውራ አገኛት። አባቶቻችን የሣር ክዳንን ቀለም አልቀቡትም። ሣሩን አድርቀው፣ አጥብቀው አስረው፣ ጣራውን አሹለው ውኃው ሳይቆም እንዲወርድ አደረጉ። የደረቀ ሣር ጠላቱ ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ በላዩ የሚያድር እርጥበትም ነው።

ከዚህ ተነሥተን የሚከተለውን እንመክራለን።

በመጀመሪያ፣ ሣሩ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ታጭዶ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ይድረቅ። ጉንጉኑም ከተሠራ በኋላ እንደገና ይሰንብት፤ ሲታጠፍ ካልተንኮሻኮሸ ገና ነው።

ሁለተኛ፣ ቫርኒሹ ስስ ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቀባ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። ጀርባውና የተቆረጠው የሣር ጫፍ አይዘለሉ፤ ውኃ የሚጠጣው በጫፉ ነውና። ቫርኒሽ ያላገኘ ለጧፍ ከሚሆነው የንብ ሰም በጥቂቱ ይጠቀም። ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ስለሚቀልጥ፣ የሰሙ ዕቃ በሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ይቅለጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ።

ሦስተኛ፣ ጉንጉኑ ከታዛ ሥር ይሰቀል፤ ነፋስ በጀርባው እንዲያልፍም ከግድግዳው በጥቂቱ ይራቅ። ከማንኛውም ቅብ ይልቅ ታዛ ይበልጣል። ቫርኒሽ የአለላን ቀለም ከፀሐይ ፈጽሞ አያድንምና ቀትር የማይመታው ቦታ ይመረጥ። ቅቡም በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይታደስ።

ሁለት ነገሮችን አጥብቀን እናሳስባለን። ቫርኒሽም ሰምም የነካው ሣር በቶሎ ይቀጣጠላል፤ ስለዚህ በመስቀል ችቦ፣ በጧፍና በምድጃ አጠገብ አይሰቀል። እንዲሁም ጉንጉኑ ደመቀልኝ ብላችሁ የእንጀራ መሶብን ቫርኒሽ አትቀቡ። ምግብ የሚነካ ዕቃ ነው፤ የእንጀራውም ወበቅ መውጫ አጥቶ ሻጋታ ያመጣል። እናቶቻችን ለመንገድ አገልግልን ሲያዘጋጁ ስፌቱን ከውጭ በቆዳ ለበጡት፤ ውስጡን ግን ሣር እንደ ሆነ ተዉት። ይህ ጥበብ ዛሬም ይበቃናል።

ገዢ አንድ ጊዜ በሻገተ ጉንጉን ከተታለለ ተመልሶ አይመጣም፤ የሚያፍረውም ሠሪዋን ብቻ ሳይሆን መላውን ማኅበር ነው። በሚመጣው ዘመን መለወጫ ሳይደርቅ የተቀባ ጉንጉን ወደ ገበያ እንዳይወጣ እርስ በርሳችሁ ተቆጣጠሩ። እኛም ደግሞ ሳንፈትን እንዳንመክር ቃል እንገባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።