ሻሹን እዚህ ቤት እንፍታው

እህቶቻችን፣ ልጅ ከወለድን በኋላ ማበጠሪያው በፀጉር ሲሞላ ብዙዎቻችን ሻሽ ጠበቅ አድርገን ዝም እንላለን። ይህ ፀጉር በእርግዝና ወራት ሆርሞን ሳይረግፍ ያቆየው ነው፤ ከወለድን በኋላ በአንድነት ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ይጀምርና ልጁ ዓመት እስኪሞላው ይመለሳል። ስለዚህ ለፀጉር ተብሎ ጡት አይጣል፤ ማስጣል የረገፈውን አይመልስም።

ሒሳብ መያዝ ሥራችን ነውና የዕቁብ ብር ለውድ ቅባት ከመውጣቱ በፊት እናስላ። ሹሩባን ማላላት ወጪ የለውም። ምስርና ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋና እንቁላል፣ ለእናቲቱም ይቅረብ። መርገፉ ከዓመት ካለፈ ወይም ድካምና ማዞር ካለ ግን ብሩን ለሐኪም እናውጣ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ እንጠይቅ።

አንዷ «እኔም ረግፎ ተመልሶልኛል» ስትል ሌላዋ እፎይ ትላለች።