«እንዴት አወቅህ?» የሚል ተማሪ ባለጌ ነው ወይ?

(በደብረ ማርቆስ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ጋዜጠኛ መድረክ ሲሰጡት ፖለቲካ ማውራቱ አይቀርም ብላችሁ እየጠበቃችሁኝ ይሆናል። ዛሬ የማወራው ግን ስለ አንዲት የክፍል ሥራ ነው። ተማሪው አንድ አንቀጽ ያነባል። ካነበበው ውስጥ ሊጣራ የሚችለውን አባባል ከጸሐፊው አስተያየት ይለያል። ከዚያ የሚጣራውን እውነት ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይመረምራል። በቃ፣ ይኸው ነው። «እና ለዚህ ነው ወይ ከሥራችን ያስፈታኸን?» የሚል ካለ በዚሁ በጎጃም ምድር የሆነውን ላስታውሰው።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም፣ በሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች ለጥናት በሄዱበት በተሰበሰበ ሰው ተደብድበው ተገደሉ። ያስገደላቸው «ልጆቻችንን በክትባት እየመረዙ ነው» የሚል ወሬ ነው። ወሬው ሐሰት ነበር። ሰዎቹ ግን ላይመለሱ ሄዱ።

እስቲ ያቺን ወሬ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንጻፋት። «ልጆች እየተመረዙ ነው።» ይኼ አስተያየት አይደለም፤ ሊጣራ የሚችል አባባል ነው። ተመረዘ የተባለው የማን ልጅ ነው? አሁን የት ነው ያለው? ያየው ማነው? ጤና ጣቢያው ምን ይላል? በትንሽ ከተማ ውስጥ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ነው። አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፣ ዩኒቨርሲቲ መግባትም አያስፈልግም። ያ ሕዝብ ክፉ ነው አልልም፤ ለልጁ የሰጋ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ድንጋይ ከማንሳቱ በፊት «እንዴት አወቅህ?» የሚል ሰው ከመካከሉ አልወጣም፤ ወጥቶም ከሆነ የሰማው የለም። የክፍል ሥራ ያልኳችሁ እንግዲህ ይኼ ነው። በትምህርት ቤት ሲጎድል በአደባባይ ሕይወት ያስከፍላል።

ጥያቄዋ ከፈረንጅ አገር የመጣች እንዳትመስላችሁ። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት ሥራ ፈትተው አይደለም። በድሮው ችሎት በላ ልበልሃ የሚገጥሙት፣ ተጠየቅ የሚባባሉት ነገር ካልተፈተነ አይጣራም ብለው ነው። ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ የሚባሉት ጉባኤ ቤቶች በመላ አገሪቱ የሚታወቁት ተማሪውን ሰሙን ብቻ ይዞ እንዳይቀር፣ ከስር ያለውን ወርቅ እንዲፈልግ ስለሚያስተምሩ ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ቢመጣ ማንም አያጨበጭብለትም፤ የራሱን ቆጥሮ ይምጣ ይባላል። ታዲያ ይኸን የሚያውቅ አገር በዘመናዊው ትምህርት ቤት «መጽሐፉ እንዳለው ጻፍ» ሲባል እንዴት ዝም ይላል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለመምህራን የማቀርበው ሦስት እርምጃ ነው።

አንደኛው መለየት ነው። ሁለት ዐረፍተ ነገር ልስጣችሁ። «በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።» «በላይ ዘለቀ በግፍ ተሰቀለ።» በጎጃም ምድር ሁለተኛውን የሚጠራጠር ካለ እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ማንም አላወጣም። እኔም አላወጣሁም። ይሁንና ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ዓይነታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው በመዝገብ፣ በጋዜጣ፣ በዘመኑ ሰው ምስክርነት ይጣራል። ሁለተኛው ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል፤ ክሱ ምን ነበር፣ ማን ፈረደ፣ ለአገሩ የዋለው ውለታስ የት ገባ ተብሎ ይከራከሩበታል። ተማሪው ሁለተኛውን ማመኑን እንዲተው አንጠይቀውም። የትኛውን በማስረጃ፣ የትኛውን በክርክር እንደሚያስረዳ ይወቅ ነው የምንለው። «ሽፍታ» እና «አርበኛ» የሚሉት ቃላትም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ሰው በአንዱ ጋዜጣ ሽፍታ፣ በሌላው አርበኛ ይባላል። ተማሪው ቃሉን ለጊዜው ወደ ጎን ያስቀምጥና «ሰውየው ምን አደረገ? መቼ? የት?» ብሎ ይጠይቅ።

በዚሁ ላይ ልብ ወለድን ከታሪክ መለየት አለ። የጎዛምኑ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ወይም በሬዲዮ ሲተረክ ያልሰማ የለም። ማንኩሳ በእግራችሁ የምትረግጧት እውነተኛ ቦታ ናት። በዛብህ ግን ከደራሲው ልብ የተወለደ ሰው ነው። መጽሐፉ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ኑሮ ብዙ እውነት ይነግረናል፤ ለበዛብህ የልደት ምስክር ወረቀት ግን አይሆንም። ይኸን የሚለይ ልጅ ነገ በስልክ የሚመጣለትን ድራማ ከዜና ይለያል።

ሁለተኛው እርምጃ ምንጩን መጠየቅ ነው። ማን አለ? እንዴት አወቀ? አየ፣ ለካ ወይስ ሰማ? እኛ ጋዜጠኞች «ስማቸው እንዳይገለጽ የፈለጉ የውስጥ አዋቂዎች» እያልን ስንጽፍ ተማሪዎቻችሁ እኛንም ይጠይቁን። ምንጭን መሸሸግ አንዳንዴ ግድ ነው፤ ሰው ይታሰራል፣ ከሥራ ይባረራል። ያም ሆኖ አንባቢ «ይኸ አዋቂ የተባለው ሰው ይኸን ለማወቅ የሚያስችል ቦታ ላይ ነው ወይ? ሌላ ያረጋገጠ አለ ወይ?» ማለት መብቱ ነው። መንግሥት ሲናገርም እንዲሁ ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነት አይደለም፤ ማህተም የሌለው ሁሉም ውሸት አይደለም።

ሦስተኛው ቁጥርን መመርመር ነው። ይኸኛው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ቁጥር ሲያይ ያከብራልና። በየድግሱ የምንሰማትን አንቀጽ ልጻፍላችሁ። «ዓባይ ታላቅ ወንዝ ነው። የናይልን ውኃ 86 በመቶ የሚሰጠው ዓባይ ነው። የሕዳሴው ግድብ 6,000 ሜጋ ዋት ያመነጫል።»

«ታላቅ» የሚለው አስተያየት ነው፤ እኔም እስማማበታለሁ፣ እንለፈው። 86 በመቶው ላይ ግን እንቁም። በተለምዶ የሚጠቀሰው ስሌት እንዲህ ነው፤ ከዓባይ 59 በመቶ ገደማ፣ ከባሮ 14፣ ከተከዜ 13። ድምሩ 86 ይመጣል። ስለዚህ 86 በመቶው የኢትዮጵያ ወንዞች የጋራ ድርሻ ነው። ዓባይ ብቻውን ነው ያለ ተማሪ ባሮንና ተከዜን ከአገራችን ካርታ ፋቃቸው ማለት ነው። ሐሳቡ አገር ወዳድ ነው፣ አባባሉ ግን የተሳሳተ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ነገ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ቢነገር የሚጎዳው እኛኑ ነው፤ ባላጋራ የሚፈልገው አንዲት የተሳሳተች ቁጥር ናት፤ እሷን ይዞ የቀረውን እውነት ሁሉ ውሸት ያስመስለዋል።

6,000 የሚለውስ? የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጣል የተነገረው 5,250 ሜጋ ዋት ነበር። ቆየት ብሎ 6,000 ተባለ። ከዚያም 6,450 ተባለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደግሞ 5,150 ነው ተባለ። አራቱም ከመንግሥት አፍ የወጡ ናቸው። ታዲያ ተማሪው የትኛውን ይጻፍ? «መቼ የተባለ ነው?» ብሎ ቀኑን ከቁጥሩ ጋር ይጻፍ። በዚያም ላይ ይኸ ቁጥር ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ አቅም ሲዞሩ ያለውን ያመለክታል እንጂ ቀንና ሌሊት፣ ክረምት ከበጋ የሚወጣውን አይደለም። አንድ ኩንታል የሚይዝ ጆንያ ሁልጊዜ ኩንታል ጤፍ አለበት ማለት አይደለም።

ሌላም ቁጥር አለ፤ እናንተን በቀጥታ የሚነካ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። አንዱ «ውጤት ተሻሻለ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው «ከመቶ 94ቱ ወደቁ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም አልዋሹም! የተማሪው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የተፈተነው ሰው ስንት ነው? ያው የበፊቱ ዓይነት ሰው ነው ወይ? በ2016 የተፈታኙ ቁጥር ከመቶ ሺህ በላይ ቀንሷል። በክልላችን ጦርነቱ ትምህርት ያቋረጠባቸው ብዙ ልጆች ለፈተናው አልተቀመጡም። ፈተና ላይ ያልቀረበ ልጅ ከወደቁት አይቆጠር፣ ካለፉት አይቆጠር፤ ከቁጥሩ ጭራሽ ይጠፋል። መቶኛው ስለ እሱ አንዲት ቃል አይናገርም። ይኸን የሚያይ ተማሪ ነው የምንፈልገው፤ በወረቀቱ ላይ የሌለው ማነው ብሎ የሚጠይቅ።

አንዳንድ መምህራን እንዲህ ትሉኝ ይሆናል። «ወንድሜ፣ አንተ ወሬ ታወራለህ፣ እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ነው። ክፍሉ ጢም ብሏል። ፈተናው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው፤ እንዴት አወቅህ ብሎ የሚጠይቅ ፈተና የለም። ደመወዙም ወር አያደርስም።» እውነታችሁን ነው። ይኸን ሸክም በመምህሩ ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው፤ የፈተናውን ዓይነት የሚወስነው ትምህርት ሚኒስቴር መሆኑም አይካድም። ይሁንና ለዚህ ሥራ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ አንቀጽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ። የሚጣራውን አስምሩ በሏቸው፤ ዐሥር ደቂቃ ነው። ሁለት ልጆች ሳይስማሙ ሲቀሩ ደስ ይበላችሁ፤ ትምህርቱ የጀመረው ያኔ ነው።

«ሐሰተኛ ወሬን የሚከለክል ሕግ አለ አይደል እንዴ?» የሚልም አይጠፋም። አዎ፣ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ይባላል። ሕግ ግን የሚደርሰው ወሬው ከተወራ በኋላ ነው። ለዚያውም ሐሰቱ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ባለሥልጣን ራሱ የሚጠየቅ ካልሆነ፣ ሕጉ ውሸታሙን ትቶ ጠያቂውን ሊይዝ ይችላል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ወሬ ግን ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ በእግሩም በበቅሎም ይሄዳል። ይልቅስ ማጣሪያው ነው የተዘጋው። ዘመድ ያለበትን ቀበሌ ደውሎ መጠየቅ፣ ሁለት ጋዜጣ ማስተያየት ሲከለከል ሰው የሰማውን የመጀመሪያውን ያምናል። ፍርሃት በነገሠበት ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ወሬ ብዙ ጊዜ አስፈሪው ነው።

አስተዋዩ ተማሪ ሁሉን የሚጠራጠር ይሆናል የሚል ሥጋትም ሰምቻለሁ። «ሁሉም ውሸታም ነው» የሚል ሰው ያልተማረ ሰው ነው፤ እሱም ሳያጣራ ነው የፈረደው። ሁሉን ያመነና ሁሉን የካደ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከማጣራት ድካም ያመለጡ ሰነፎች ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ወላጆች ልምጣ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፤ ልጃችሁ ማታ እሳት ዳር «እንዴት አወቃችሁ?» ቢላችሁ አትቆጡት። በወጉ፣ በአክብሮት እንዲጠይቅ አስተምሩት እንጂ አፉን አታስይዙት። መምህራንም «የኔታ፣ ይኸ ቁጥር የመቼ ነው?» ያለ ልጅን ከክፍል አታስወጡት። መልሱን ካላወቃችሁት «አብረን እንፈልገው» በሉት፤ ክብራችሁ አይቀንስም። ተማሪዎችም፣ ጥያቄያችሁ ለምትጠሉት ወገን ብቻ አይሁን። የምትወዱት ጋዜጣ፣ የምትወዱት ድርጅት፣ የምትወዱት ዘፋኝ የተናገረውንም በዚያው ወንፊት አሳልፉት። ይኸን የያዛችሁበትንም ጋዜጣ ጭምር።

ሰው በተሰበሰበበት፣ ወሬው በተጋጋለበት ቀን አንድ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቆይ፣ ማን አየ?» ቢል ያ ልጅ የሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል። ያን ልጅ የምታወጡት እናንተ ናችሁ።