ቆጣሪው 100,000 ሲሞላ



በበርካታ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ጊዜው ሲደርስ በዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። መብራቱን የሚያበራው ግን ኪሎ ሜትር ቆጣሪው እንጂ የቺንጋው ድካም አይደለም።

መኪና በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ቆጣሪው አይንቀሳቀስም፤ ቺንጋው ግን ይሽከረከራል። ትራክተርና ጄኔሬተር ሰዓት መቁጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙቀት፣ ዕድሜና የሚያፈስ ዘይትም ላስቲኩን ይጎዱታል።

እኔ ያገለገለች የናፍጣ መኪና ስገዛ ቆጣሪዋ 70,000 ያሳይ ስለነበር አልቸኮልኩም። በኋላ መካኒኩ ሽፋኑን ፈትቶ ሲያሳየኝ ቺንጋው ከጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቆ ነበር። ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሶ ቢሆን እንኳ የሚናገር ምልክት አልነበረውም።

ቢበጠስስ ኖሮ? በእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ ክዳን ጋር የሚተወው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹም ክፍት እንደሆኑ ይቀራሉ። ፒስተኑ ግን ሽቅብ ወጥቶ ይመታቸዋል። አንድ ላስቲክ ሞተር ያስወርዳል ማለት ነው።

አዲሱን ሳስገጥም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በሽፋኑ ላይ በቀለም አስጻፍሁ፤ መኪናዋን ከእኔ የሚገዛ ሰው ከቆጣሪው ሌላ የሚያነበው ነገር እንዲኖረው።