ለምጥም በጀት ይያዛል

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ የቁጠባ ሂሳብ ሳነብላችሁ ነው። ዛሬ የያዝኩት ወረቀት ግን ስለ ምጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ አዋላጅም አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሂሳብ ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምነግራችሁም በራሴ የደረሰውን፣ አዋላጆችን እየጠየቅሁና እያነበብሁ የተማርኩትን ነው።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ወር ነው። ቡና እየጠጣን ሳለን የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች አንዲት አባላችን፣ «ያለ መድኃኒት በተፈጥሮ መውለድ እፈልጋለሁ፤ እንዴት ልዘጋጅ?» ብላ ጠየቀች። አብዛኞቻችን ሳቅን። አንዲት እናታችን፣ «ልጄ፣ እኛስ በምን የወለድን መሰለሽ?» አሏት። እሷም አፍራ ዝም አለች። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ሳቃችን እውነት ነበረው፤ የእሷ ጥያቄ ግን ከሳቃችን ይበልጥ ነበር።

በውጭ አገር ብዙ ሴቶች ሲያምጡ ኤፒዱራል የሚባል፣ በጀርባ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ ይወስዳሉ። እዚያ «ያለ መድኃኒት እወልዳለሁ» ማለት የቀረበልሽን አልፈልግም ማለት ነው። በእኛ አገር የመንግሥት ማዋለጃ ክፍሎች ግን ይህ በተለምዶ አይገኝም። ስለዚህ ለአብዛኞቻችን ያለ ማስታገሻ መውለድ ምርጫ አይደለም፤ ያለው እሱ ብቻ ነው። በእጃችን ያለው ምርጫ ተዘጋጅተን እንውለድ ወይስ ሳንዘጋጅ የሚለው ነው።

እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። የመጀመሪያ ልጄን በ2008 ዓ.ም. ስወልድ ምንም አላውቅም ነበር። የወለድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ለልጁ ልብስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ለራሴ ግን ምንም። እናቴን ከበር መለሷት። በጀርባዬ ተኝቼ የብረት አልጋውን ጨብጬ አደርኩ። ስጮህ፣ «ዝም በይ፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትወልጂው?» ተባልኩ። ልጄ በሰላም ተወለደ፤ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት ስለ ሁለተኛ ልጅ በተነሳ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። ከሕመሙ ይልቅ የማይረሳኝ ፍርሃቱና ብቸኝነቱ ነው።

ኋላ ሳነብ ይህን ነገር ቀድመው ያሰቡበት ሰዎች እንዳሉ አወቅሁ። ግራንትሊ ዲክ-ሪድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፍርሃት ሰውነትን ይወጥራል፣ የተወጠረ ሰውነት ሕመሙ ይበረታል፣ ሕመሙም መልሶ ፍርሃትን ይጨምራል አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝም እ.ኤ.አ. በ1951 ሶቪየት ኅብረት ሄዶ ያየውን የአተነፋፈስ ዘዴ በፓሪስ ማስተማር ጀመረ። ከዚህ ተነስቶ የተዘጋጀች ሴት አያማትም የሚል ካለ አትመኑት፤ ያማል። ፍርሃቱን መቀነስ ግን ይቻላል።

ሁለተኛ ልጄን በ2013 ዓ.ም. ሳረግዝ እንደ ሙያዬ ደብተር አወጣሁና በጀት ያዝኩ። አምስት መስመር ነበረው።

የመጀመሪያው ማወቅ ነው። በክትትሌ ጊዜ አዋላጇን፣ «ምጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል?» ብዬ ጠየቅኋት። አንዱ ምጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል እንደሚቆይና ከዚያ እንደሚለቅ ነገረችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ምጡ በየአምስት ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት ውስጥ ሕመሙ 12 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 48 ደቂቃ ነው። ጠንክሮ በየሦስት ደቂቃው ሲመጣ እንኳ ሕመሙ 20፣ ዕረፍቱ 40 ነው። በመጀመሪያው ወሊዴ 40ውንም ደቂቃ ቀጣዩን ምጥ እየፈራሁ ስለጨረስኩት ዕረፍት እንዳለው እንኳ አላወቅሁም ነበር።

ሁለተኛው አብሮ የሚሆን ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ እያንዳንዷ ሴት በምጧ ጊዜ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። እኔ የመረጥኩት የባለቤቴን ታላቅ እህት ነው፤ ረጋ ያለች፣ የማትደነግጥ ሴት ናት። ከመውለጃዬ ሁለት ወር በፊት ጤና ጣቢያ ሄደን አብራኝ ትገባ እንደሆነ ጠየቅን። «ክፍሉ አንድ ነው፤ ሌሎች እናቶች ይጋለጣሉ» አሉን። እውነታቸውን ነው። «ነጠላ ብንጋርድስ?» አልናቸው። ተስማሙ። በመጀመሪያው ጊዜ እናቴ ከበር ስትመለስ ማንም ቀድሞ አልጠየቀም ነበር።

ሦስተኛው ሰውነት ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ በአፍ ረዘም አድርጎ ማስወጣት፤ ይህን ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት እለማመድ ነበር። ምጥ ላይ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ መለማመድ አይቻልምና። ከዚያ ሌላ መራመድ፣ መንበርከክ፣ ወደፊት ዘንበል ብሎ በሰው ላይ መደገፍ፣ ወገብን ማሳሸት፣ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ወገብ ላይ ማድረግ ይረዳሉ። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም እነዚህን ይደግፋል፤ ችግር የሌለባት እናት በምጧ ጊዜ እንድትንቀሳቀስ፣ እንድትጠጣና እንድትቀምስም ይላል። እናቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ ነበር፤ እኛ ነን ዘመናዊ መስሎን በጀርባችን የተኛነው።

አራተኛው መንገድ ነው። ይህን በተለይ በጀጎል ውስጥ የምትኖሩ ስሙኝ። የእኔ ቤት ያለበት መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ባጃጅ የሚቆመው ቡዳ በር ነው። ሰባተኛ ወሬ ላይ ከቤቴ እስከ በሩ በእግሬ ለካሁት፤ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። በየምጡ ቆም እያልኩ ብሄድ ግን ሃያ ደቂቃ ሊሆን ነው። ስለዚህ የሁለት ባጃጅ ነጂዎችን ስልክ ያዝኩ። ድንገት መራመድ ቢያቅተኝ በወንበር የሚሸከሙኝን የጎረቤት ልጆችም አነጋገርኩ።

አምስተኛው መጠባበቂያ ነው። በጀት የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ መጠባበቂያ የሌለው በጀት ምኞት ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው፤ ቢሆንም ለመጓጓዣና ድንገት ለሚያስፈልግ ነገር በወር 300 ብር ለሰባት ወር አስቀምጬ 2,100 ብር ያዝኩ። ደም የሚሰጡ ሁለት ዘመዶችንም አስቀድሜ ጠየቅሁ። አንድ ነጠላ ወረቀት ላይ ደግሞ የአደጋ ምልክቶችን ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ምጥ ጀመረም አልጀመረ ወዲያው መሄድ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ምጡ የጀመረኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቤቴ ሆኜ ተራመድኩ፤ የባለቤቴ እህት ሆጃ አፍልታ አጠጣችኝ፤ ወገቤን አሸችኝ። ሲነጋ በእግሬ ቡዳ በር ወጣሁ፤ አራት ጊዜ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ጤና ጣቢያ ነጠላችንን ጋረድን። አሞኛል፤ ጮሄአለሁም። ነገር ግን በየመሃሉ አርፌአለሁ፤ አንድ ጊዜማ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሴት ልጄ ተወለደች። አንዷ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትል ከጋረድነው ነጠላ ማዶ ያሉ እናት ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ንግግሬ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። የዛሬው ዋና መልእክቴ ግን ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነው። ልጄ እንደተወለደች አዋላጇ ኦክሲቶሲን የሚባለውን መርፌ ወጋችኝ። እንግዴ ልጁ ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ዓይኔ ሲጨልም ይታወቀኛል። ሆዴን አጥብቃ እያሸች ማህጸኔ እንዲኮማተር አደረገች፤ ተጨማሪ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ግሉኮስ ተከለችልኝ፤ አምቡላንስም አስጠራች። አምቡላንሱ ሲደርስ ደሙ ቆሞ ነበር። አስቡት፤ ያን ቀን «በተፈጥሮ ነው የምወልደው፣ ምንም መርፌ አልፈልግም» ብዬ ቤቴ ብቀር ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ።

ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ ባለፈው ወር ለጠየቅሽው መልሴ ይህ ነው። የሕመም ማስታገሻ ሳይወሰድ መውለድ ይቻላል፤ እናቶችሽም የወለዱት እንደዚያ ነው። ነገር ግን ሕመም ለማስታገስ የሚሰጥ መድኃኒትና ነፍስ የሚያድን መድኃኒት በአንድ ዓምድ አይጻፉም። ከወሊድ በኋላ የምትወጊው መርፌ ደም እንዳይፈስሽ ነው፤ እሱን እንቢ እንዳትይ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር፤ ደም መፍሰስ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ምጥ ሲረዝምም እንዲሁ ነው። በዚሁ በሐረር ከተማችን የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። እዚያ የሚታከሙት ብዙዎቹ እርዳታ ሳያገኙ ለቀናት ያማጡ ሴቶች ናቸው። አዋላጇ «ወደ ሆስፒታል እንሂድ» ካለች ጀጎል ሆስፒታልም ሆነ ሕይወት ፋና ይሁን፣ ተነሺ። ታናሽ የአክስቴ ልጅ እንደ እኔ ተዘጋጅታ፣ ተለማምዳ፣ በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ወለደች። «አቃተኝ» እያለች ስታለቅስ ከረመች። ምንም አላቃታትም። መጠባበቂያው የተያዘው ለዚያ ቀን ነበር፤ ቀኑ መጣ፣ ወጣ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት የማንም ዕዳ የለባትም።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልመለስ። በሐረር ለሠርግና ለለቅሶ አፎቻ አለን፤ እድር አለን፤ ተራ ይዘን እንደርሳለን። ለምጥ ግን ተራ የያዘ የለም። ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ያረገዘች አባል ሁሉ ሰባተኛ ወሯ ሲገባ አብራት የምትሆን አንዲት ሴት ከመካከላችን ትመደብላት፤ እኔ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ነኝ። ሁለተኛ፣ ከቁጠባችን ላይ ለወሊድ መጓጓዣ በአስቸኳይ የሚወጣ ትንሽ ሣጥን ይኑረን፤ ሂሳቡን ያለ አበል እይዛለሁ። ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። ብዙ ጊዜ ምን እንርዳችሁ ትሉናላችሁ። መጋረጃ እርዱን። ውድ ነገር አይደለም፤ ጨርቅና የመጋረጃ ብረት ነው። በአልጋና በአልጋ መካከል መጋረጃ ካለ እናትም፣ እህትም፣ ባልም ከምታምጠዋ አጠገብ መቆም ይችላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው ጥናት በአገራችን በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ግን 48 ደርሰዋል። ሴቶቹ ወደ ተቋሙ እየመጡ ነው። ሲደርሱ ብቻቸውን አንተዋቸው።

ባለፈው ወር የሳቅንባት እህታችን ዛሬ ከኋላ ተቀምጣለች። ይቅርታ እንጠይቅሻለን። ደብተሬን አምጥቼልሻለሁ፤ ባዶ ገጽ አለው፤ ከስብሰባው በኋላ አብረን እንሞላዋለን። ማርያም በሽልም ታውጣሽ፤ አላህ ያቅልልሽ።