እጅ የሚያድገው በልምምድ ነው

(በጂንካ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ወደዚህ መድረክ ስንወጣ አብዛኛውን ጊዜ የቁጠባና የብድር ሪፖርት ይዘን ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለ ልምምድ ነው። በመጪው ዓመት ዕቅድ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቦልናል፦ የክራር፣ የዜማና የሸክላ ሥራ ቡድናችን በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የሚለማመድበት ክፍል፣ ለክራር አስተማሪ አበልና ተረኛ የልጆች ጠባቂ ይመደብለት ወይስ ገንዘቡ በሙሉ ለብድር ይዋል? «ብድር ያልደረሳት እናት እያለች ክራር ምን ያደርጋል?» ያላችሁ አባላት አላችሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ተገቢ መልስም ይፈልጋል።

መልሱን ከራሳችን ገበያ እንጀምር። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የወጣ ሰው ከአሪ መንደሮች ሸክላ ተሸክመው የመጡ እናቶችን ያያል። እነዚህ እናቶች ማሽን የላቸውም፤ ጭቃውን የሚያበጁት በጣታቸው ነው። ልጅ ሙያውን የምታገኘው ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ነው። ታያለች፣ ትንንሹን ትሞክራለች፣ ይሰነጠቅባታል፣ እንደገና ትሠራለች። እያደር ትልልቁን ትደፍራለች። በአሪኛ «አኒ» ማለት እጅ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ይህንኑ ቃል የእያንዳንዷን ሴት የራሷን አሠራር ለመግለጽ ይጠቀሙበታል። በአሪ መንደሮች ይህን ሙያ ያጠናችው ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮም ስለዚህ ጉዳይ ጽፋለች። ከአንዲት እናት የተማሩ ሁለት እህትማማቾች እንኳ እጃቸው አንድ አይሆንም።

እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለ። ብዙዎቻችን ፈጠራ ከላይ የሚወርድ ስጦታ፣ ልምምድ ደግሞ አሰልቺ ድግግሞሽ ይመስለናል። የሸክላ ሠሪዋ ሕይወት ግን ሁለቱ አንድ መንገድ መሆናቸውን ያሳያል። መጀመሪያ የእናቷን እጅ ትከተላለች። ያንኑ ደጋግማ ስትሠራ ግን የራሷ እጅ ይወጣል። አዲሱ ነገር የሚመጣው ከድግግሞሹ ውስጥ ነው። ሸክላ ሠሪዎች በአገራችን ለዘመናት የተናቁ መሆናቸው ደግሞ የሚያሳፍረው ናቂውን ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በደጃችን እያለ አላስተዋልነውም።

በሙዚቃም ነገሩ እንዲሁ ነው። ኑሯቸው ከእኛ ኑሮ እጅግ የተለየ የአንዲት ኢትዮጵያዊትን ሕይወት እንመልከት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው እዚያ ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት በግዞት ተወሰዱ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከመምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ፤ ያን ጊዜ ቫዮሊንና ፒያኖ በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይለማመዱ እንደነበር ይነገራል። በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ለንደን የመሄድ ተስፋቸው ሲጨናገፍ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። በዚያ ተራራ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ከዚያ ሲመለሱ እንደገና ፒያኖ ፊት ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች ሰጡ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ ይደመጥ ነበር። ፒያኖአቸውን የሰማ ሰው የአውሮፓውን ትምህርትና የአገራችንን ዜማ አንድ ላይ ያገኘዋል። ያ የእሳቸው «አኒ» ነው።

«እኛን ማን ስዊዘርላንድ ይልከናል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን እማሆይ ያገኙትን ነገር በደንብ እንቁጠረው። መምህርና መሣሪያ አገኙ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዓት አገኙ። የእኛ እናቶች የሚያንሳቸው ችሎታ አይደለም። ሰዓታቸውን ውኃ ይወስደዋል፣ እንጨት ይወስደዋል፣ ጉሊት ይወስደዋል፣ የልጅ እንክብካቤ ይወስደዋል። ብር በየግል ማጠራቀም ሲያቅተን ተሰባስበን መቆጠብ ጀመርን። ሰዓትም እንደዚያው ነው። ሁለት እናቶች በተራ የሌሎቹን ልጆች ከያዙ፣ የቀሩት ሁለት ሰዓት ያገኛሉ። ስለዚህ ከዕቅዱ ውስጥ ዋናው መስመር የልጆች ጠባቂዋ ነው እንላለን።

ሰዓቱ ከተገኘ በኋላስ እንዴት እንጠቀምበት? ከቡድናችን ጋር ተነጋግረን የተስማማንባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለረጅም ሰዓት ከመድከም በየቀኑ ጥቂት መሥራት ይሻላል። በቀን ግማሽ ሰዓት በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ፣ በዓመት 130 ሰዓት ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ በክራር ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ቅኝቶች አንዱን ሳንይዝ ወደ ሌላው አንዘልም። ጣት የሚሰናከልበትን ቦታ ለይተን፣ ዝግ ብለን፣ ያንኑ እንደጋግማለን። የምናውቀውን እየደጋገሙ መደሰት ልብ ያሳርፋል፤ እጅን የሚያሳድገው ግን የሚያስቸግረው ቦታ ነው።

ሦስተኛ፣ ከልምምዱ መጨረሻ ዐሥር ደቂቃ ለራስ ፈጠራ ይሰጣል። አንዷ በአሪኛ፣ ሌላዋ በሐመርኛ ወይም በማሌኛ፣ ከአያቷ የሰማችውን የልጅ ማባበያ ዜማ ታመጣለች፤ ስለ ራሷ ኑሮ አንድ ስንኝ ትጨምርበታለች። በስልክ ቀድተን መልሰን እንሰማዋለን። ሸክላ የምትሠራውም ከምታውቀው ቅርጽ አንድ ነገር ለውጣ ትሞክራለች።

አራተኛ፣ እያንዳንዷ አንድ ደብተር ትይዛለች፦ ቀን፣ ደቂቃ፣ ዛሬ የተሻሻለው ነገር። መጻፍ የማትችለውን ጎረቤቷ ትጽፍላታለች። በሂሳብ ሥራ ያልተመዘገበ ነገር አይታይም፤ እድገትም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ክራር ብድር ይከፍላል ብለን ቃል አንገባም። ይህን ካጸደቃችሁ ጥቂት አዲስ ብድሮች ሊዘገዩ ይችላሉ፤ ይህንንም አንደብቅም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። ደቡብ ኦሞን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ፎቶ አንሥቶን ይከፍላል። ለፎቶ መቆም ልምምድ አይጠይቅም፤ የቆመችውም ሴት ከዓመት ዓመት እዚያው ናት። የተለማመደች ሴት ግን ዛሬ ያላወቀችውን ከስድስት ወር በኋላ ታውቃለች፣ ለልጇም ታስተላልፋለች። አሮጊቶቻችን የያዙትን ዜማ ሳንቀበላቸው ካለፉ ደግሞ በየትኛውም ብድር አንገዛውም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የስድስት ወር ሙከራ ነው። በስድስተኛው ወር ደብተሮቹን ሰብስበን፣ የክራሩን ድምፅና ሸክላውን እዚሁ አቅርበን እናሳያችኋለን። ካላሳመነን ገንዘቡ ወደ ብድሩ ይመለስ፤ እኛው ራሳችን ሐሳቡን እናቀርባለን።

ለረጂ ወገኖቻችንም አንድ መልእክት አለን። ለበዓል ቀን የሚለበስ ልብስ መስጠታችሁን እናመሰግናለን። ከዚያ በፊት ያሉትን ተራ ቀናት፣ ማንም የማያጨበጭብባቸውን የልምምድ ሰዓታት ብታግዙልን ደግሞ ይበልጥ እንጠቀማለን።

ውሳኔው የእናንተ ነው።